ድርጅት «ሀ»

የማታ ክፍል ነው። የአዳማ ንፋስ
መስኮት ይገፈትራል፣ አቧራ ሊያለብስ።
መምህር ልሳነወርቅ ወረቀት አደለን፤
«ድርጅት ‹ሀ› በምን ከሰረ? ንገሩኝ» አለን።

ስሙ የተሰወረ፣ ከተማው ያልሰፈረ፣
ዘይት መጭመቂያ ነው፣ ሠላሳ ሰው የነበረ፤
ትርፉ በሰንጠረዥ ከዓመት ዓመት አብቦ፣
ካዝናው ግን ባዶ ነው፣ ባንኩ ደጁን ከቦ።

አንዱ እጁን አወጣ፦ «ዱቤ አብዝቷል በጣም፤
የሸጠው ሄደ እንጂ ገንዘቡ አልመጣም።»
አንዷ ቀጠለች፦ «ኑግ በጠፋበት ክረምት
ሥራ ለፈታ ሰው መክፈሉ ነው ስህተት!»

ጠመኔው ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ አሰፈረ።
የእኔ ዓይን ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀረ፦
«አንድ አይሱዙ መኪና፣ ለዕዳ የተሸጠ።»
አንድ መስመር ብቻ።
ጎኑ በብስክሌቴ የተገሸለጠ
መሆኑን አይልም፤ በስምንት ዓመቴ ላይ፣
አባቴ ደበላ ስቆ ያለፈው ጉዳይ።

ዱቤውን ጻፍኩ፤ ልክ ነው፣ እሱም ያውቀዋል።
የክረምቱን ደመወዝ ግን እጄ ዘሎታል፤
ዘበኛው ቂልጡ ዛሬም ፖስታ ቤት ጋ ሲያየኝ
«የደበላ ልጅ» ብሎ ነው የሚጠራኝ።

ሰዓቱ አለቀ። ወረቀቱ ተሰበሰበ።
ከአንድ መጭመቂያ፣ ከአንድ በርሜል ተነሥቶ
ሀ ብሎ የጀመረው ሰው
«ሀ» ተብሎ ተነበበ።