የጉድለት ሰዓት

አጎቴ ልንገረው መርከበኛ ነበር፤
ስሙ እንደሚለውም አያልቅበት ነገር።
ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቧንቧ ይጠግናል፣
የሚያንጠባጥበውን ጠጋ ብሎ ይሰማል፣
ከዚያ፣ መፍቻው በእጁ፣ ስለ ምጽዋ ያወራል።

"በቀን ሁለት ጊዜ
ባሕሩ ይወጣል ወለሉን ገላልጦ፣
ሸርጣኑን በትኖ፣ ጀልባውን አስቀምጦ።
ሲሄድ ጉድለት ነው ስሙ፣ ሲመጣ ሙላት፤
ስድስት ሰዓት ቆይቶ፣ ሳይጠሩት፣ ሳይለምኑት፣
ይገባል ወደ ቤት።"

ልጄ ትብለጥ አንድ ማታ ስትሰማው ቆየች፤
"የኛስ ውኃ? ጣናስ? እሱም ይሄዳል?" አለች።

ዝም አለ። ልንገረው ዝም ብሎ አያውቅም።
በነጋው፣ ገና በሌሊት፣ መስኮቴ ሥር ቆሞ፦
"ተነሡ! አናረፍድም።"

ግንቦት። የሽባባው ሚኒባስ፣ በሩ በሲባጎ የተጠረቀመ፣
አማኑኤል ላይ አስነጥሶ ደምበጫ ላይ አጉረመረመ፣
ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ጭራሹን ታመመ።
ማንጎ ገዝተን ቆመን በላን፣ ጭማቂው በክንድ ወርዶ፤
ሽባባው ከመኪናው ሥር ወጣ፣ ፊቱን ግራሶ ጋርዶ።
"ሐይቅ አይሄድም ጋሼ" አለ፣ "እግር የለው፣ ጎማ የለው፤
እንኳን እሱ እኔም አልሄድኩ!" ሳቅን። አጎቴ ሰዓቱን አየው።

ኮሶበር በጭጋግ፣ ዳንግላ በፀሐይ፣
ዱርቤቴ የፍየል መንጋ ተኝቶ አስፋልቱ ላይ፤
መራዊን ስናልፍ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ፣
አሸተተ፤ "ጨው የሌለው" አለ፣
"ከየት ሽታ ያመጣ?"

በሩ ላይ ዘበኛው ቲኬቱን ቆረጠ።
"ውኃው እኮ ሸሽቷል፣ ቀንስልን!" ሽባባው አላገጠ።
"ውኃው ነው የጎደለ፤
ዋጋውማ አለ።"

እውነትም ሸሽቷል።
የአምና ዳሩን ሁለት መቶ ርምጃ ወደ ኋላ ትቶ፣
እምቦጩ በደረቅ ቀርቶ፣
አንዲት የደንገል ታንኳ በጎኗ ተኝታ፣
ሆዷ ውስጥ ዶሮ ጎጆ ሠርታ።
አንዱ በቆሎ ዘርቷል ትናንት ዓሣ በነበረበት፣
ካስማ ተክሎ፣ ገመድ ስቦ፣ "የኔ" ብሎ ባጠረበት።

አጎቴ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ወረደ፣
እስከ ውኃው ከንፈር ብቻውን ሄደ።
ከዘራውን ተከለ።
ሰዓቱን አየ።
ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት።

ትብለጥ ሞገድ ስትቆጥር ሰለቻት፣ የቀረሶ ጥብስ አማራት፤
ሽባባው ጋቢና ውስጥ ተኛ፣ እግሩን በመስኮት አውጥቶ።
ፀሐይ ዞረች። ውኃው ካለበት
አንዲት ጣት አልመጣም።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።
"የወጣን ቀን" አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣
"ባሕሩ ጎድሎ ነበር። ጀልባው አሸዋ ላይ።
በእግር ወጣን።
ሲመለስ አላየሁትም።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነ፤
ለኔ ገና እንደ ጎደለ ነው።"

ወደ ማታ ከደቅ በኩል ነፋስ ተነሣ፤
ትንሽ ሞገድ መጥታ የከዘራውን እግር ላሰች።
"መጣ! መጣ!" ትብለጥ ጮኸች።
"ነፋስ ነው" አለ ልንገረው።
ለልጅ እንኳ አልዋሸም።

መሸ። ስንመለስ ከዘራው እዚያው ቀረ፤
ረስቶት ይሁን ትቶት፣ ማንም አልተናገረ።

ነሐሴ ላይ ስልክ ጮኸ። ባለታንኳው፣
ስሙ ይዘንጋው ነው፣ እሱ ግን አልዘነጋም፦
"ታንኳዬ ቆማለች፤ ዶሮዋ ኮበለለች፤
የዚያ ሰውዬ አጥር ሰጥሟል፣ ይጮኻል፣ ማንም አይሰማው።
የሽማግሌው ከዘራ እስካንገቱ ነው፤ ነገ አይታይም።"

ስልኩን ለአጎቴ ሰጠሁት። የጎረቤት ቧንቧ ሥር ተጋድሞ ነበር።
መፍቻውን አስቀመጠ።
ሰማ፤ ረጅም ጊዜ ሰማ።
ከዚያ ተነሥቶ፣ ጭቃውን አራግፎ፣
እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሎ፣
"ስንት ሰዓት ላይ?" አለ።