የጥናቱ እንክብል

ማክሰኞ ነው ደግሞ፣ ሙሐረቅ ሳይነጋ፣
ኡም ጃሲም ተኝታ ከማሽኑ አልጋ።
ደሟ ወጥቶ ታጥቦ ዳግም ሲገባላት፣
ብርድ ሲያንዘፈዝፋት እግሯን አሸሁላት።

ውሃዋ በሲኒ፣ ስኳሯ በጣቷ፤
እርጎ እንኳን ተነፍጓት፣ የልጅነት ራቷ፣
በእንክብል ታሽጎ ደረሳት ሕይወቱ፣
የማይታይ እርሾ፣ ቢሊዮን ባንዲቱ።

ነርሷ ሺጂ አለች፦ «ግማሹ ዱቄት ነው፤
የማን የቱ እንደሆን እኛም አላወቅነው።»

አሥራ ሁለት ሳምንት ቆጠርኩ በየማታ፤
ስኳሯ ወረደ፣ ሆዷም አየ ፋታ።
«የኔው ሕያው ነው!» ስትል፣ እጄን ይዛ ስቃ፣
ቴምሩን በሩዝ ጆንያ
ደብቄው፣ መች አውቃ!

በነሺጂ ቅጽ ላይ ለኔ መስመር የለም።
ዝም አልኩ፤ ደስታዋ
ግን ዱቄት አይደለም።