ጥግ ላይ የተጻፈው

የአባቴን ወገብ በካኪ ፖስታ
ይዤ ገባሁ ቤት ሐሙስ ለት ማታ።
ሐኪሙ ሰኞ ነው፤ ማን ይጠብቃል?
ሦስት ቀን እኮ፣ ሰው በሐሳብ ያልቃል።

ላፕቶፔ አፍ የለውም፣ ሲዲ አይጎርስም፤
ከኢድሪስ ሱቅ የተዋስኩት ማንበቢያ
አጉረመረመ፣ አነቀው፣ ተፋው፤
እፍ ብዬ አቧራውን ባራግፈው
በሦስተኛው ዋጠው።

ስም የሌለው ፋይል፤ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ቁጥር።
ክፈት ብለው "በምን ልክፈተው?" ይለኛል መልሶ።
የሚከፍተውን ፕሮግራም ላውርድ ብል
ኔትወርኩ የበጋ ደቻቱ፤
አሸዋ ብቻ፣ ስሙ ግን ወንዝ።
መብራት እንዳይሄድብኝ ለቁልቢ ጃንጥላ ተስዬ
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ

ተከፈተ።
ጥቁር ውስጥ ግራጫ፣ ግራጫ ውስጥ ነጭ፤
የማውሱን ጎማ ባሽከረከርኩ ቁጥር
አባቴ ሉክ በሉክ ይገለጣል፣
እንደ ድሮው የባቡር ትኬት ጥራዝ።
አጥንቱን ቆጠርኩ። የቱ ነው የታመመው?
ለእኔ ሁሉም ጤነኛ፣ ለእኔ ሁሉም የታመመ።

እሱ ከኋላዬ፣ በሽርጥ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ቆሞ
አጥንት አላየም። ጥግ ጥጉን ነው ያነበበው፤
"ስልሳ ስድስት ዓመት ነው የሚለኝ?"

ለባቡር ሲቀጠር የቀነሳት ሰባት ዓመት
ከመዝገብ ወደ መዝገብ ስትሳፈር ኖራ
እስከ አጥንቱ ገብታለች።

"ሰኞ ለሐኪሙ እንዳትነግሪው፣ አቦ፤
የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው መድኃኒት ይስጠኝ።"
ሳቀ፤ ሲስቅ ወገቡን ያዘ።
እጁ ያረፈበትን ቦታ
ስክሪኑ ላይ ፈለግሁ።