በቀን ሁለት ጊዜ

የመብራት ማማ ነው ጠቡን ያስጀመረው፣
ሰሜን አይስላንድ ላይ ጨው የቦረቦረው።
ከፊሉ «ይፍረስ» ሲል፣ ከፊሉ «አይነካም»፣
የተወራወርነው ተሰፍሮ አይለካም።

እኔ ሃልቤራ ነኝ፣ የመድኃኒት ቤቷ፣
ቀን ነጭ ጋዋን ለብሼ ለሁሉም ትሑቷ፤
ሌሊት በውሸት ስም፣ ስልኬ ብርድ ልብስ ውስጥ፣
«አንተ የሸተትክ ዓሣ!» ስል የማልደነግጥ።
ያም ያልታወቀ ሰው፣ ወንድ መስዬው ኖሮ፣
«ምላስህ ይበስብስ!» ሲል አደረ አምርሮ።

ጠዋት በሩ ተንቋቋ።
ሽማግሌው ስቲንግሪሙር ነው፣
ከባርኔጣው ላይ በረዶ እያራገፈ፣
«እንደምን አደሩ? ጉልበትዎን ተሻለዎት?» አለኝ።
ሳል አቋረጠው።
«አንዱ ባለጌ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ፣
«የሸተትክ ዓሣ ብሎኝ፣
ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ሌሊት…»
አልጨረሰውም።

ካርቶኗ ላይ ጻፍሁለት፦
በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።
በዚያችው እጅ።
አጎንብሶ አነበበና
«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ» ብሎ ወጣ።

ማታ ስልኬ በራ፦
«የት ገባህ፣ አንተ ፈሪ?»
አልመለስሁም።
ሰዓቴን አየሁ፤
ሁለተኛዋን ፍሬ የሚውጥበት ነበር።