ተረከዝ ያለው ፊደል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ
የፒያሳን አስፋልት ከነመኪናው ጋርዶ፣
ጦይባና ታምሬ ገቡ ወደ ማተሚያ ቤቴ፤
ባነር እየቆረጥኩ ነበር፣ ተንበርክኬ በጉልበቴ።
«ካርዱን ሥራልን» አለችኝ፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች፣
«ፊደሉን ግን እኔ ነኝ የምመርጥ»፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስክሪኑን አዞርኩላት። ስድሳ ሁለት ዓይነት ፎንት።
አንዱ እንደ ቀበሌ ማህተም ወፍሮ የደነደነ፣
አንዱ እንደ ሐኪም ማዘዣ፣ ከፋርማሲው በቀር ለሰው ያልሆነ፣
አንዱ ጅራቱን አስረዝሞ የጎረቤቱን ራስ የሚነካ
(የሚያምር ይመስላል እንጂ አያስነብብም ለካ)።

እሷ ግን ወረደች፣ ወረደች፣
አርባ ምናምነኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች።
«ይሄ ተረከዝ አለው፣ ሲራመድ ግን አያንኳኳም፤
ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን በሰው ላይ አይኮራም።»

እውነቷን ነበር።
የ«ሐ» ሦስት እግሮች እኩል መሬት የረገጡ፣
የ«ለ» ሁለቱ እግሮች ጫማ ለክተው የወጡ፤
ነጩ ወረቀት በመሐላቸው ይተነፍሳል፤
«ጦይባ» የሚለው ስም ገና ሲተየብ የተኳለ ይመስላል።

«ከላይ ቢስሚላህ ይሁን ወይስ በስመ አብ?» ብዬ ስጠይቅ
ተያይተው ሳቁ። «ሁለቱንም» አለ ታምሬ፣ «አጎት ከአጎት ከሚናነቅ»።
በአንድ ፎንት፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁመት፤
በማስመሪያ ለካሁት፣
ማንም ማንን እንዳይበልጥ በሚሊ ሜትር።

ከዚያ አድራሻው መጣ። ቧንቧ ውሃ፣ ከሙሽሪት ወላጆች ቤት።
ተየብኩ። ስክሪኑ ላይ የወጣው፦
ባዶ ሣጥን፣ «ን»፣ ባዶ ሣጥን፣ «ውሃ»።
ያ ቄንጠኛ ፊደል
ስንሠራ የኖርንበትን ቧንቧ ደፍኖት ቁጭ!

«ቡዋንቡዋ ብለን እንጻፈው?» አለ ታምሬ።
«ያደግኩበት ሰፈር ነው፣ እንዳትበታትነው።»
«ሌላ ፎንት...» አልኩ እኔ።
«ሌላ ፎንት አልፈልግም።»

አባቷ ጋሽ ይመር ከበሩ ሥር ቆመው ኖሯል።
ድሮ የሱቅ ታቤላ ጻፊ ነበሩ፤
ስንት ልብስ ሰፊ፣ ስንት ሰዓት ሠሪ
ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ብሩሽ ነው።
ዛሬ ሁሉም ከፕላስቲክ ባነር ሥር ናቸው።
የሸፈንኳቸው እኔ ነኝ።
ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤
ሰላምታ ስንለዋወጥ እንኳ ቶሎ ነው የምንጨርሰው።

«አብሽር» አሉኝ፣ «እስክሪብቶ አቀብለኝ።»
እጃቸው ይንቀጠቀጣል።
መጀመሪያ «ባ»ን አቆሟት፣
ከረጅሙ እግሯ ሥር አንዲት አግዳሚ መስመር አነጠፉላት።
«ይቺ ፊደል ምንጣፍ ካልተነጠፈላት አትገባም» አሉ፤
«የሠራው ሰው ረስቷት ይሆናል፣
ወይ ሰፈሩ ቧንቧ የለም።»

ስካን አደረግኳት። አጉልቼ አየኋት።
አንድ ጎኗ እንደ ቦርከና ዳር የተሸራረፈ።
«አስተካክላት እንጂ» አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው።
«እሺ ጋሼ» አልኩ፤ ዋሸሁ።

ሦስት መቶ ካርድ። መቶ ሰማንያው ላይ መብራት ሄደ፤
ቀሪውን ቅዳሜ ሌሊት ነው ያወጣሁት።
በሰርጉ ዕለት ሁለት ድንኳን ነበር፣ ሁለት ቢላ፣
ሰዉም ዓይኑ ከሥጋው ላይ፤ ስለ ፊደል ማን ይብላላ?

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ
አዲስ ፎንት ይዘው «ዘመናዊ ነው፣ ግርማ አለው» ሲሉኝ
ሀ ሁ ብዬ አልሞክረውም፤ የራሴንም ስም አልጽፍበት።
«ቧንቧ» ብዬ እተይባለሁ።
ውሃ ከወረደ
ዋጋውን እጠይቃለሁ።