ከምን አንጻር?

ታይስቶ ሦስት ክረምት ጋራዡን ዘግቶ፣
መኪናውን ውጭ ለበረዶ ትቶ፣
ክንፍ ሠራ፣ ጭራ ሠራ፤ በአራተኛው ዓመት
አፍ ቀረጸላት፣ ነፋስ የሚገባበት፤
ከንፈሩ የለዘበ፣ ጉሮሮው የሰፋ፣
ከአፍንጫዋ በታች ወደ ፊት የገፋ።

«ስትፈጥን» አለኝ፣ «አየር በራሱ ጉልበት
ይታጨቃል ገብቶ ከሞተሯ አንጀት፤
ያልተከፈለበት ፈረስ ነው፣ ሄልካ፤
ስንት እንደ ሆነ ግን ይታወቅ፣ ይለካ።»

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ፣
አርባ ዓመት ዱቄት በግራም ስመዝን የኖርሁ።
ሰማይ አላውቅም። ሚዛን ግን አውቃለሁ።
ስለዚህ ጠራኝ፤ ስለዚህ መጣሁ።

መሣሪያችን ከዓሣ ገንዳ የወጣ ቱቦ ነው፣
እንደ «ሀ» አጥፈን ከጣውላ ያሰርነው።
ውስጡ ውሃ አለ፤ በደንብ እንዲታየኝ
ቀይ ሥር ጨመቅሁበት። «ሾርባ ነው?» አለኝ።
አንደኛው ጫፍ ሄዶ ከጉሮሮዋ ገባ፤
ሌላው ጭኔ ላይ ነው፣ አፉን እንደ ከፈተ።
ይህን ልብ በሉ። እኔ ልብ አላልሁም።

የሳቮ ሐይቆች በረዷቸው ገና መሰንጠቁ ነው።
ሁለት ሺህ ሜትር ላይ፣ በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ፣
ታይስቶ መርፌዋ እንዳትነቃነቅ ትንፋሹን ውጦ፣
ቀዩ ውሃ ባንዱ ክንድ ሰመጠ፣ በሌላው ወጣ፤
ሠላሳ... ሠላሳ ሦስት... ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር መጣ!
ጮኸ። ክንፏን አወዛወዘ።
ማታ ቋሊማ ተጠበሰ፣ ሳውናው ነደደ፤
የሠላሳ አምስት ወሬ እስከ ነዳጅ ማደያው ሄደ።

እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ከደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ አሰላሁት፦
ያ ሁሉ ነፋስ፣ ጠብታ ሳይባክን፣ ግንባሩን ገጭቶ ቢቆም፣
ሠላሳ አንድ ነው ያለው። ከዚያ አይዘልም።
የሌለውን ማን ይሰጣል? አራቷን ከየት አመጣ?
ከብልቃጥ ውስጥ ከያዘው በላይ ከተቀዳ፣
መድኃኒቱ አልበዛም፤ መስፈሪያው ነው ጉደኛ።

ጠዋት ጠየቅሁት፦ «ሠላሳ አምስት፣ ከምን አንጻር?»
«ከአየር አንጻር» አለ። «ከየትኛው አየር?»
ዝም አለ።
ለካ ጋቢናችን፣ በበሩ ክፍተት፣ በመስኮቱ ስንጥቅ፣
ስንበር ይመጠጣል፤ ነፋስ በጎን ሲያልፍ ከውስጥ ይሰርቃል።
የቱቦው ክፍት ጫፍ ከኛ ጋር ተቀምጦ፣
ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ «ጎረቤቴ ግዙፍ ነው» እንደሚል ሰው ሆኖ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጫፉን ከጎኗ ቀዳዳ ጋር አገናኘነው፣
ነፋስ ከማይገፋት፣ ከማይጎትታት፣ መርፌ ከምታህል።
ሃያ አራት።
ያው ቀይ ሥር፣ ያው ከፍታ። ሃያ አራት።
ዞረን መጣን። ሃያ አራት።

አልጮኸም። ክንፏንም አልነቀነቀ።
አርፈን፣ ሞተሩ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲበርድ፣
መዝገቡን አወጣ፤ ሠላሳ አምስትን አልፋቀውም፤
አንድ መስመር ሰረዘበትና ከአጠገቡ፣ በቀለም፣
ሃያ አራት ጻፈ፤ ከሥሩም፦ «ሄልካ ጠይቃ»።
«ሦስት ፈረስ» አለ። «ሦስትም አትሞላ።»
ጎንበስ ብሎ አፏን በመዳፉ ዳሰሰ፤
ከንፈሩ ላይ የተለጠፈች ትንኝ በጥፍሩ አነሣ።

ቀሚሴ ላይ እስካሁን የቀይ ሥር ጠብታ አለ።
አጠብሁት፤ አልለቀቀም።
የቱ በረራ እንዳፈሰሰው፣ የትናንቱ ይሁን የዛሬው፣
አልለካሁም።