ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ቅጹ ላይ፣ በተራ ቁጥር ዘጠኝ፣ «የአደጋው መንስኤ» ይላል፤
ከጎኑ አንድ ስንዝር መስመር፣ ባዶውን ተሰምሯል።
ሃያ ሁለት ዓመት ያችን ስንዝር ስሞላት በእስክሪብቶ፣
ስንቱ ሰው፣ ስንቱ ጣጣ፣ እዚያች ገባ ተጎትቶ።

ማክሰኞ ማታ፣ ፍራንኮ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣
አፉን ከፍቶ በቀረው ቦይ፣ የጉታማ ባጃጅ ተደፋች ድንገት።
ከኋላ የተሳፈሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ስንዱ
ቀኝ እግራቸው ተሰብሮ፣ በቃሬዛ ሆስፒታል ሄዱ።

እኔ ሜትሬን ሳልዘረጋ፣ ኖራዬን ሳልነሰንስ፣
ሕዝቡ ችሎት ተቀምጧል፣ ሲፈርድ፣ ሲያፈርስ፣ ሲከስስ።

«ነፋሱ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ «የአዳማ ነፋስ መች ያስነዳል?
ሸራውን ገልቦ ፊቱ ላይ እንደ ሻሽ ጠምጥሞበታል።»
«ነፋስማ» አለች ሎተሪ አዟሪዋ፣ «እዚያ ኮረብታው ላይ ተቀጥሮ
መብራት ያመነጫል አሉ፤ የኛ መንገድ ግን ድቅድቅ ነው ዘንድሮ።»
«ክዳኑን ነቅሎ በኪሎ የሸጠው ሌባ ነው ጥፋተኛው» አለ አንዱ፤
ቆራሌው «እኔ አልገዛሁም» ብሎ፣ ሳይጠየቅ ራቀ ከመንገዱ።
«ማዘጋጃ ቤቱስ?» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ ተሰማ፤
ዞር ብል ባለቤት የለውም፤ ሁሉም ሲመረምር የየራሱን ጫማ።

ከዚያማ ዱላው ወረደ፣ አህያው ተፈርቶ፣ በዳውላው ላይ፤
ዳውላው ጉታማ ነበር፣ ቁልፉን ጨብጦ፣ ቅንድቡ ደምቶ፣ ሲያይ ሰማይ።

«ልጄ ታማብኝ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤
የቀን ገቢው ስድስት መቶ ነው፣ ባለንብረቱ አይቀንስልኝም፤
ፍሬኑን ላሳድስ ነበር፣ ሰኞ ብዬ፣ ሐሙስ ብዬ…
ግን ፍሬን ምን ያደርጋል፣ ቦዩን መች አየሁት ጌታዬ?»

አንዱን ክር ስስበው ሌላው ይከተላል፤ ከፍሬኑ ጀርባ ገቢው፣
ከገቢው ጀርባ ባለንብረቱ፣ ከእሱም ጀርባ የባንክ ዕዳው፤
ከልጅቷ ንዳድ ጀርባ ትንኝ፤ ከትንኟ ጀርባ… ያው ቦይ!
ወዲያ ወዲህ ብዬ ዞሬ፣ እዚያው አፋፉ ላይ።

ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?
መድን ድርጅቱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ አለቃዬም፣ እጀታ ነው የሚሹት፤
ነገር ማጭድ ነውና፣ በስለቱ አይጨብጡት።
ጻፍኩ፦ «ጥንቃቄ የጎደለው አነዳድ።» ሦስት ቃል። መስመሯን ልክ ሞላት፣
እትዬ ስንዱ ለክተው፣ ራሳቸው የሰፏት ይመስል ነበር ስናያት።

ግን አንድ ነገር አለ።
ያን ዕለት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ፣ በዚያው ቦይ ዳር አለፍኩ፤
ሰው የሰካው የግራር ቅርንጫፍ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ አየሁና ቆምኩ።
ነፋሱ አዝምሞት ሊወድቅ ደርሷል። ላቃናው ጎንበስ ስል
ሸሚዜ ገና መተኮሱ ነው፣ የግራር እሾህ ደግሞ ክፉ ይነክሳል።
«ሌላው ያቃናዋል» አልኩ።

ሐሙስ ሆስፒታል ብጠይቃቸው፣ እግራቸው ተጠቅልሎ በጀሶ፣
«ቀኔ ነው» አሉኝ እትዬ ስንዱ፣ ፊታቸው ወደ ሳቅ ተመልሶ፤
«ጉታማን አትጫኑት፤ የልጅ አባት ነው» አሉ።
ዝም አልን።
ቆይተው፣ አንሶላውን በጣታቸው እየለኩ፣ እንደ ዋዛ፦
«ያ ቀይ ጨርቅ… ከሰፋሁት ቀሚስ የተረፈኝ ነበር፤ ሰው ይይ ብዬ ነው ያሰርኩት።
አንተ በዚያ ታልፋለህ አይደል? አይተኸው ነበር?»

ከቁጥር አንድ እስከ ቁጥር ሃያ፣
ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም።